በቁምጣ የመጣ ዘመድ

ባሕር በሌለው አገር የሚኖር ሰው በቀን ስንት ጊዜ ባሕር ዳርቻ ማየት አለበት? መልሱ «አንድም ጊዜ» መሆን ነበረበት። እኔ ግን ስልኬን በከፈትሁ ቁጥር የሆነ ሰው አሸዋ ላይ ተዘርሮ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ እግሩን ብቻ ቀርጾ ያሳየኛል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ያሉ አባቶች ስልክ ስላልነበራቸው ይቅርታ አድርጌላቸዋለሁ። እኔን ግን ናፈቀኝ። የሰው እግር አይቼ ባሕር የናፈቀኝ ሰው ነኝ።

የተወለድሁት ደብረ ታቦር ነው፤ ስማዳ የመጣሁት ደግሞ ለሥራ። የወረዳው ከተማ ወገዳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሌሎች የተናገሩትን እጽፋለሁ። በግንቦት መብራት ሲጠፋ ሥራዬ ኮምፒውተሩን ማየት ብቻ ይሆናል። እሱም ጥቁር ሆኖ እኔኑ መልሶ ያሳየኛል፤ ያየሁት ደግሞ ብዙም ደስ የሚል አልነበረም። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ተነሣሁና ገበያ ወጥቼ ቀይ ቁምጣ፣ ጥቁር መነጽርና አንበሳ የታተመበት ፎጣ ገዛሁ። ባሕሩ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ባሕሩን የሰጠኝ ጓደኛዬ ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ተወላጅነቱም እዚያው ስማዳ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም እንደ እኔ ሥራ ይፈታና ደጁ ላይ ተቀምጠን አገር እናማለን።

«ሰሌን ሂድ» አለኝ።

ሰሌን ከወገዳ ቆላውን ወርደው የሚያገኙት የወንዝ ጥግ ነው። ወንዙ ገደሉን ሲጠመዘዝ አንደኛው ወገን ላይ ረጋ ይልና ይተኛል፤ ዳሩ ላይ ነጭ አሸዋ እንደ ሰሌን ተነጥፏል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ታዲያ ሰሌን እንደ ድሮው ለሁሉም ክፍት አይደለም። መጀመሪያ የሞተር ሳይክል ባለቤቶች ወርደው ዘይታቸውን ያጥቡበት ጀመር፤ ከብቱም ውሃውን እያሸተተ መመለስ ያዘ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ የሰፈሩ ቄስ ጀርባቸውን ሲታጠቡ ቀርጾ ለቀቀው። የቄሱ ጀርባ ከቄሱ ቀድሞ ጎንደር ገባ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር ማንም ሰሌን እንዳይታጠብ ብለው ቆረጡ። ከሾላው ዛፍ ሥር በየተራ ጠባቂ ይቀመጣል።

«እኔ የሰፈሩ ሰው አይደለሁማ!» አልሁት።

«ይሄ ምን ችግር አለው? የባላምባራስ አድማሱ የልጅ ልጅ ነኝ በል። የሳቸው ዘር እንደ ሰናፍጭ ነው፤ ያልተበተነበት የለም፤ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል?»

«የማን ልጅ ነህ ቢሉኝስ?»

«የሞላ በል። ሞላ መተማ ከወረደ ስንት ዘመኑ! መልኩን የሚያስታውስም ያለ አይመስለኝ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው። ወገዳ ውስጥ ባልዲ ሙሉ ውሃ ነበረኝ፤ ሳሙናም ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቀይ ቁምጣዬን ለብሼ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቁልቁለቱን ተያያዝሁት። መንገድ ላይ እህል የጫነች አህያ አንበሳውን አይታ ይሁን እግሬን፣ ብቻ ደንግጣ ጭነቷን ጣለች። ባለቤቷ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ስንጭን ግን አገዝሁት።

ከሾላው ሥር አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። በታች በኩል ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በእኛ አገር «ማን ነህ?» የሚል የለም፤ ማንም ብትሆን ግድ የሚሰጠው ስለሌለ።

«የማን ነህ?» አሉኝ።

«የባላምባራስ አድማሱ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«በየትኛው?»

«በሞላ።»

አያ ጥጋቡ ከተቀመጡበት ተነሡ። ቁምጣዬን አዩ፤ አንበሳውን አዩ፤ ዞረው ወደ ሴቶቹ አዩ። ሴቶቹም ማጠባቸውን ትተው ቀጥ አሉ።

«የሞላ ልጅ? የመተማው ሞላ?»

«አዎ።»

«ደሴን… አጎትህን አላገኘኸውም?»

ደሴ የሚባል አጎት እንዳለኝ የሰማሁት ያኔ ነው። ሙሉቀን ስለሱ አልነገረኝም። ይሁን እንጂ ውሸት አንዴ ከተሳፈሩበት መሐል መንገድ ላይ አያወርድም።

«ገና ነኝ፤ መጀመሪያ ልታጠብ ብዬ ነው። እሳቸውስ ደህና ናቸው?»

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «የዘንድሮው ሙቀት…» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ግባ ልጄ። ታጠብ። ዛሬ እንኳ ታጠብ» አሉኝ።

እኔ እቴ! ይህን እንደ ድል ቆጠርሁት። ፎጣዬን አነጠፍሁ፤ እግሬን ቀረጽሁ፤ ከዚያም ውሃው ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ዋና አልችልም። እስከ ወገቤ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግን የማይዋኝ የለምና እጄንና እግሬን እያማታሁ ብዙ ውሃ አስቀየምሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አደነቁኝ ብዬ ፉጨት ጨመርሁበት። አንዷ ዐይኗን ጠረገች፤ ሳሙና ገብቶባት ነው አልሁ። ሌላዋ «አይ ልጅነት! ምኑንም ሳያውቅ!» ስትል ሰማሁ፤ ስለ ዋናዬ መስሎኝ ትንሽ ከፋኝ። እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ገጣጥሞ ለማሰብ ራስ ያስፈልጋል፤ የእኔ ራስ ውሃ ውስጥ ነበር።

ከውሃው ስወጣ አያ ጥጋቡ ጥበቃውን ለሌላ ሰው አስረክበው ይጠብቁኛል።

«ዛሬ እኔ ቤት ነህ» አሉ።

«አይ አያ፣ ሥራ አለብኝ፤ ልመለስ።»

«ነገ እሑድ ነው። የአድማሱ ዘር ደጄን ረግጦ ሳይበላ አይሄድም!»

እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ መቼ አየሁ! ቤታቸው ዶሮ ታረደልኝ። እርጎ መጣ፤ ማር መጣ። «ስልክህን ቻርጅ እናድርግልህ» ብለው ስልኬን ወስደው ሰወሩት። ስለ መተማ ሙቀት የፈጠርሁትን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። መተማን አላውቀውም፤ እነሱም ስለማያውቁት ሰፊ ሜዳ ነበረን። ስለ አጎቴ ስጠይቅ ግን ሁሌ አንድ ሰው «ብላ እንጂ!» ይላል። ከሌማቱ ራቅ ባልሁ ቁጥር ጉርሻ ይከተለኛል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል፤ እኔን እያጎረሰ ነው የወሰደኝ።

ጎህ ሲቀድ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ ግቢው ነጠላ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። መሐላቸው መስቀላቸውን የያዙ ቄስ አሉ፤ ሰውየውን ከፊት ባላውቃቸውም ጀርባቸውን በስልክ አይቼው ስለነበር አልጠፉኝም። ለሞላ መተማ ደውለውለታል፤ ልጅ የለኝም ብሏል፤ ሊፈርዱብኝ ነው የመጡት አልሁ። የለበስሁት ያችኑ ቀይ ቁምጣ ነው። ከላይ የአያ ጥጋቡን ጋቢ ደርቤበታለሁ።

ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው ብዬ ተንበረከክሁ። «አባቶቼ፣ እውነቱን ልናገር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቄሱ በኀዘን አዩኝ። «የማንም ጥፋት አይደለም ልጄ። የእግዜር ሥራ ነው።»

«አይ አባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት! መምጣት አልነበረብኝም!»

«አየህ፣ የቅርብ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። አንዱ ቀድሜ በመጣሁ ይላል፣ አንዱ ባልመጣሁ ይላል። በርታ። አጎትህ ደሴ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጥቂት ታሞ… ለአባትህም ብንደውል ስልኩ አልነሣ ብሎ…»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ግቢው በአንድ ጊዜ እሪታ ሆነ። ለካ የተሰበሰቡት መርዶ ሊነግሩኝ ነው! የሟች ወንድም ልጅ ምንም ሳይሰማ በቀይ ቁምጣ እያፏጨ ሲመጣ አይተው፣ ባዶ ሆዱን አይስማ፣ ደክሞት አይስማ፣ በጠዋት በወግ ይነገረው ብለው ነበር ያን ሁሉ ደግነት። ዶሮው የመርዶ ዶሮ ነበር። ስልኬንም የወሰዱት ሌላ ሰው ደውሎ እንዳያስደነግጠኝ ነው። አገሩ ሁሉ እኔን እየጠበቀ ሲያድር እኔ ሦስተኛ ጉርሻ ላይ «ቃሪያ የለም?» ብያለሁ።

ሁሉም ያለቅሳል፤ እኔ ብቻ ደረቅሁ። እንባ እንደ ውሸት በቀላሉ አይመጣም። አያቴን አሰብሁ፤ የተሰረቀብኝን ጫማ አሰብሁ፤ ምንም የለም። «ደነገጠ! ልቡ ደረቀ!» አለ አንዱ፤ ሌላው በእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ አናቴ ላይ ቸለሰብኝ። በሁለት ቀን ሁለቴ ገላዬን ታጠብሁ። ከዚያ በግራና በቀኝ ደግፈው ወደ ሟቹ ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

እዚያ እትዬ ደብሬ ጠበቁኝ። የደሴ ሚስት ናቸው። ከል ለብሰዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት። ደጁ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩኝ ነገሩ ያበቃ መሰለኝ፤ ምክንያቱም እኚህ ሴት እንደ ሌላው ሰው በእንባ አላዩኝም፤ ከእግር እስከ ራስ ገምግመው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መጡና አንገቴን አንቀው ድምፃቸውን ለቀቁት፦

«ወገን የለው ተብሎ ታምቶ ነበርና፣
በቁምጣ ደረሰ ዘመድ በጎዳና።»

ሕዝቡ «ወዬ! ወዬ!» አለ። በዚያው ጩኸት መሐል አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አስጠግተው በቀስታ «ሞላ ልጅ የለውም» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ—»

«ዝም ብለህ አልቅስ።»

«አልመጣልኝም።»

በጋቢው ሥር ጎኔን ይዘው ቆነጠጡኝ። እንዲህ ያለ ቁንጥጫ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። «ዋይ!» ብዬ ጮህሁ፤ ሕዝቡም «አሁን ገና ወጣለት!» እያለ አብሮኝ ጮኸ።

ሰው ፈንጠር ፈንጠር ብሎ ሲቀመጥ እትዬ ደብሬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኞች አንገት ለአንገት ተያይዘው ቢነጋገሩ ማንም ነውር አይለውም።

«የቀበርን ለት» አሉኝ፣ «ከሱ ወገን አንድ ሰው አልቆመም። ግማሹ ሞቷል፤ ግማሹ በየአገሩ ተበትኗል፤ ሞላም ስልኩ እምቢ አለ። የተሸከሙት የኔ ወንድሞች ናቸው። ከኋላዬ አንዷ 'ደሴ እንጉዳይ ነው እንዴ ብቻውን የበቀለ?' ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እሷ የተናገረችውን ቀብሬ መተኛት አቃተኝ። ትናንት 'የሞላ ልጅ መጣ' ብለው ሲነግሩኝ ማን እንደሆንህ አላወቅሁም፤ እንዳልሆንህ ግን አውቄያለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ ለዋና ነው የመጣሁት» አልሁ።

«አውቃለሁ፤ ቁምጣህን አየሁት እኮ።» ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። «ማንም ሁን። አሁን ግን ተነሥተህ 'እኔ አይደለሁም' ካልህ፣ ነገ 'ለደሴ ያለቀሰለት የወንዝ ዳር ወሮበላ ነው' ይላሉ። እስከ ተዝካሩ ድረስ የወንድሙ ልጅ ሁንለት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያውልህ።»

ያኔ አለቀስሁ። ለደሴ አይደለም፤ ሰውየውን አላውቃቸውም። እኚህ ሴት ከውሸታም ሰው እጅ ይህችን እንባ ለመቀበል ስንት ጊዜ ዋጥ እንዳደረጉ ሳስበው ነው። አለቀስሁ፣ አለቀስሁ፤ ቆንጣጭ ሳያስፈልገኝ አለቀስሁ። እንጉዳይ ያለችዋን ሴት በኋላ አሳይተውኛል፤ ከሁሉም በላይ አብራኝ የጮኸችው እሷ ናት።

ወገዳ ስመለስ ጣጣው ተከተለኝ። ቆላ የሆነው ነገር ወገዳ ሳይሰማ አይውልም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ለቅሶ ደረሱኝ። ጢሜን መላጨት አልቻልሁም፤ ሐዘንተኛ አይላጭም። ቀይ ቁምጣዬን ሣጥን ውስጥ ቀብሬ ጥቁር ሸሚዝ ለበስሁ። ሙሉቀን መጥቶ፣ ፊቱን አጨማድዶ «ወንድሜ፣ ማን ሞተብህ?» አለኝ።

«አንተ የሰጠኸኝ አጎት!»

ከደብረ ታቦርም እናቴ ደወለች። ወሬው እንዴት እዚያ እንደደረሰ እሱ ፈጣሪ ያውቃል። «የሞተው የአባትህ ወንድም ማን የሚሉት ነው? ለእኔ ይህን ሁሉ ዘመን ያልነገረኝ!» ብላ ከአባቴ ልትጣላ ተነሣች። እሷን ለማስረዳት የፈጀብኝን ካርድ ሳስብ አሁንም ኀዘን ይሰማኛል።

የነገሩ ክፋት ደግሞ ሰሌን ላይ ነው። አሁን እኔ የሰፈሩ ሰው ነኝ፤ ማንም አይከለክለኝም። ግን ሐዘንተኛ ነኝ፤ ከተዝካሩ በፊት ሐዘንተኛ ወንዝ ወርዶ እየዋኘ ቢታይ አገር ጉድ ይላል። ቀድሞ ዘመድ ስላልነበርሁ ተከለከልሁ፤ ቀጥሎ ዘመድ ሆንሁና ተከለከልሁ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በተዝካሩ ዋዜማ አያ ጥጋቡ መልእክት ላኩብኝ፦ የሰፈሩ ሰው እስከሆንሁ ድረስ የጥበቃው ተራ ደርሶኛል።

ወረድሁ። ከሾላው ሥር ዱላዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ በጥቁር ልብስ ውስጥ እየተቀቀልሁ፣ ያን የመሰለ ውሃ ፊቴ ተኝቶ እያየሁ ተቀመጥሁ። ከማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። የሰዓቱ ፀሐይ ድንጋይ ያስለቅሳል። እንዲህ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው፣ ጫማቸው አቧራ ጠጥቶ፣ ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ መጡ። አላውቃቸውም። ሹመት ክፉ ነው፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«የማን ነዎት?»

ቆም አሉ። ጢሜን አዩት፤ ከሉን አዩት።

«የባላምባራስ አድማሱ።»

«በየትኛው?»

«በራሴ ነዋ። ሞላ እባላለሁ።»

ዱላው ከጭኔ ወደቀ። ከማዶ ያለችው ሴት ማጠቧን ትታ ቀና ብላለች። አሁን እኚህ ሰው አንድ ቃል ቢናገሩ እኔስ ይሁን፣ ድሮም የተዋረድሁ ነኝ፤ እትዬ ደብሬ ግን ነገ ተዝካር ሊያወጡ ነው።

«ለተዝካሩ ነው የመጣሁ» አሉ፣ ጃንጥላቸውን እያጠፉ። «ዘግይቼም ቢሆን። ከደብሬ ቤት ነው የምመጣ አሁን። ልጅ እንዳለኝ ነገረችኝ።»

የወደቀውን ዱላ አነሣሁ።

«ወንድምህን አልቅሶልሃል አለችኝ። አንተ ሳትኖር ቆሞልሃል አለችኝ። እስቲ እኔም ልየው ብዬ ነው።» ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩት። ከዚያ ማዶ እንዲሰማ ጮክ ብለው «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ አባባ» አልሁ። እንባዬ መጣ፤ ማንም አልቆነጠጠኝም።

ተቀምጠው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ጠባቂ ነኝና መናገር ነበረብኝ። «አባባ፣ ሐዘንተኛ መዋኘት አይችልም።»

«እግርስ?»

ስለ እግር የተባለ ነገር አልነበረም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን፣ እግራችንን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከርን። ከስንት መከራ በኋላ ባሕሬን አገኘሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ሁለታችንም ውሃ ውሃውን ስናይ፣ ከማዶ ሴትየዋ ውሃ ልትቀዳ ለወረደች ጎረቤቷ «እይው እስቲ! እግራቸው ሳይቀር አንድ ነው!» ስትል ሰማናት።